አሥራ አንዱ ልክ፣ ስድስቱ ስህተት

ልጅቷ ፋርማሲ የሚል ስም የወጣላት በገባች በሁለተኛው ቀን ነው። ስምንት ሴቶች በሚያድሩበት ክፍል ውስጥ ሦስቱ ሞክሼ ነበሩ። አንዷ ስትጠራ ሦስቱም "አቤት" እያሉ ቢቸገሩ፣ በየዩኒቨርሲቲያቸው የሚማሩት ትምህርት ስማቸው ሆነ። እሷ ፋርማሲ፣ ሁለተኛዋ ነርሷ፣ ሦስተኛዋ የሕግ ተማሪ ስለነበረች ጠበቃ ተባሉ። ጠበቃ በስም ብቻ ሳይሆን በጠባይም ጠበቃ ነበረች፤ መምህር ተናግሮ ሳይጨርስ እጇ ይነሳል።

ስድስት ሳምንት የሚፈጀው የክረምት የእስልምና ትምህርት የሚሰጠው ለእረፍት በተዘጋ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የሴቶቹ የቁርኣን ክፍል የኬሚስትሪ ላቦራቶሪው ሆነ። በየጠረጴዛው ላይ ውሃ የማያወርድ ቧንቧ አለ፤ ግድግዳው ላይ የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ተሰቅሏል፤ የመደርደሪያው ጠርሙሶች በጋዜጣ ተሸፍነዋል። ጠዋት ቁርኣን፣ ቀጥሎ የዐረብኛ ሰዋስው፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ የአምልኮ ሕግጋት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ የነቢዩ ታሪክ። በመጀመሪያው ሳምንት የሁሉም ጭንቅላት የንብ ቀፎ መስሎ ነበር። የሰዋስው መምህሩ አንድን ቃል "አድራጊ" ብለው ትናንት ያስተማሩትን ዛሬ "ተደራጊ" ሲሉት፣ ነርሷ ደብተሯን ዘግታ ሳቀች እንጂ ሌላ ምን ታደርግ።

ፋርማሲ ግን በአንድ ነገር ልቧ ሙሉ ነበር፤ በቁርኣን። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ከስፌት መኪናው ጎን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ቁርኣን አስቀርቷታል፤ ማንበብ ያስተማራት እሱ ነው። እሷ ታነብባለች፣ እሱ ይሰፋል፤ ስትሳሳት መኪናው ቀጥ ይላል፣ እስክታስተካክልም ንቅንቅ አይልም። እንዲህ እንዲህ እያለች ከቁርኣኑ ሠላሳ ክፍሎች አምስቱን በቃሏ ይዛለች። ስለዚህ የደረጃ መለያ ፈተና አለ ሲባል ሌሎቹ ሲርዱ እሷ ፀጉሯን ታበጥር ነበር።

ፈታኟ የቁርኣን መምህርቷ ነበረች። ሁሉም ኡስታዛ ይሏታል፤ ከተማሪዎቿ ብትበልጥ በአምስት ወይ በስድስት ዓመት ነው። የመክፈቻውን ሱራ፣ ፋቲሓን፣ እንድታነብላት ጠየቀቻት። ፋርማሲ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች። አራተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ኡስታዛ እጇን አነሳች። አንዲት ፊደል መሳብ ነበረባት፤ ፋርማሲ ግን አሳጥራ አለፈቻት። ድገሚው ተባለች፤ ደገመችው፤ ያው ነው። ሳቢው ተባለች፤ የምትስበው የቱን እንደሆነ አልገባትም። ኡስታዛ ወረቀቷ ላይ አንድ ምልክት አደረገችና ሌሎች አጫጭር ሱራዎች አስነበበቻት። ምልክቱ ሁለት ሆነ፣ አራት ሆነ። ስለ ረፋድ የሚናገረው ሱራ ላይ ሲደርሱ ፋርማሲ የየአንቀጹን መጨረሻ "አ" ወደ "ኤ" ዘንበል እያደረገች ስታወርደው፣ ኡስታዛ ብዕሯን አስቀመጠች።

"ማን ነው ያስቀራሽ?"

"አባቴ።"

"እሳቸውስ ከማን ቀሩ?"

ፋርማሲ በዕድሜዋ ሁሉ ይህን ጥያቄ ጠይቃው አታውቅም። አባት ማለት ከማንም ሳይማር የሚያውቅ ሰው ይመስላት ነበር።

ኡስታዛ ክፉ ሰው አልነበረችም። አይዞሽ፣ ድምፅሽ ያማረ ነው፣ ከመሠረቱ እናስተካክለዋለን አለቻት። በማግስቱ በር ላይ በተለጠፈው ዝርዝር የፋርማሲ ስም ከመጀመሪያው ደረጃ ተማሪዎች መካከል ተገኘ። አምስት ክፍል በቃሏ የያዘች ልጅ፣ ፊደል ገና ከሚቆጥሩት ጋር ጥግ ካለው ቧንቧ ሥር ተቀመጠች።

መጀመሪያ ያደረገችው ማልቀስ ሳይሆን መቁጠር ነው። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ስንት ሶላት ሰገደች? በየሶላቱስ ፋቲሓን ስንት ጊዜ አነበበች? የአምልኮ ሕግጋት መምህሩ፣ ፋቲሓን ያበላሸ ሰው ሶላቱን አበላሸ ብለው ባስተማሩ ማግስት ስለነበር፣ ቁጥሩን ልትተወው አልቻለችም። ስሟን ሳትጽፍ ጥያቄዋን በጥያቄ ሳጥኑ ውስጥ ከተተች። መምህሩ ሐሙስ ዕለት አንብበው ሲመልሱ፣ በዚህ ጉዳይ ሁለት አስተያየት አለ አሉ። ሁለቱን ከተናገሩ በኋላ ትንሽ አሰብ አድርገው ሦስተኛም አለ አሉ። ፋርማሲ ሦስቱንም ደብተሯ ላይ ጻፈችና ስታያቸው ዋለች፤ በማየት ግን የሚፈታ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሶላቷ ሁሉ ግራ መጋባት ሆነ። ፋቲሓን አንድ ጊዜ ኡስታዛ እንዳለቻት ትልና፣ ደግሞ ምናልባት ብላ አባቷ እንዳስተማራት ትደግመዋለች። ሌሎቹ ሲያጎነብሱ እሷ ቆማለች፤ ሌሎቹ ሲነሱ እሷ ገና ማጎንበሷ ነው። አንድ ቀን ግንባሯን መሬት ላይ ደፍታ ቀና ስትል ጎን ለጎን የነበሩት ሁሉ የሶላቱን መዝጊያ ሰላምታ አውርደው ጫማቸውን እየፈለጉ ነበር። ነርሷ "አንቺ ልጅ፣ በረከቱን ብቻሽን ልትወስጂው ነው?" ብላ ቀለደች። ፋርማሲ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አላለፈም።

በመማሩም ቢሆን አልቀናትም። ኡስታዛ ፊደሏን ሳቢ ስትላት ትስባለች፤ ቀጥሎ መሳብ የሌለበትንም አብራ ትስባለች። የሚያውቀው መንገድ እንደተዘጋበት ሰው በየቅያሱ መጋጨት ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ በልጅነቷ የምታውቀው ሱራ እንኳ እየጠፋባት መጣ። ለእናቷ ስትደውል፣ ኮርሱ እንዴት ነው ስትባል፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነው አለች። አባቷ ስልኩን ተቀብሎ እስከ የት ደረሳችሁ ሲላት፣ ብዙ ሄደናል ብላ ዋሸችው። ቧንቧው ሥር መቀመጧን እንዴት ብላ ትንገረው? ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ ዘንድሮ ትልልቅ ኡስታዞች ፊት ልታነብ ሄደች ብሎ ያወራ ሰው ነው።

ውሉን ያገኘችው ጠበቃ ናት። ከምሳ በኋላ ልብስ እያጠቡ ሳለ ፋርማሲ የረፋዱን ሱራ ስታጉረመርም ሰማቻት። ሱራውን እንደገና እንድታነብላት ጠየቀቻት፤ በማግስቱም አስነበበቻት። ከዚያ የታጠበውን ሻሽ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ችሎት ፊት የቆመች ይመስል ተናገረች።

"ስሚ፣ የሚሳሳት ሰው ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ ነው። አንቺ ግን ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው መንገድ ነው የምትሳሳቺው። መጨረሻውን ስታዘነብዪ ሁሉንም ነው የምታዘነብዪው፤ አንዱንም አትዘዪም። እኔ የማውቀው ስህተት ሥርዓት የለውም።"

ፋርማሲ ነገሩ ባይዋጥላትም ጠበቃ ክንዷን ይዛ ኡስታዛ ዘንድ ወሰደቻት። ኡስታዛ አዳመጠች፤ አሁን ግን የሚታረመውን እየፈለገች ሳይሆን ዝም ብላ ነው የሰማችው። ፊቷ እየተለወጠ ሄደ። በመጨረሻ፣ አላውቅም፣ ሐሙስ ሼኹ ሲመጡ እንጠይቃቸዋለን አለች።

ሼኹ የኡስታዛ መምህር ናቸው፤ በሳምንት አንድ ቀን ለወንዶቹ ክፍል ያስተምራሉ። ሐሙስ ዕለት በመምህራን ክፍል ውስጥ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ፋርማሲ በኡስታዛና በጠበቃ መካከል ተቀመጠች። ሼኹ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንብቢ አሏት። አነበበች። የረፋዱን ሱራ ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ሁለተኛው ላይ ከእሷ ጋር ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ጀመር፤ መጨረሻውንም እንደ እሷ አዘነበሉት።

"ልጄ፣ ይሄ ቂርኣት ነው" አሉ። "ስህተት ያለሽ ማን ነው?"

ኡስታዛ አንገቷን ደፋች።

ሼኹ ቀስ ብለው አስረዱ። ቁርኣን ከመምህር ወደ ተማሪ፣ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ የመጣባቸው የታወቁ የአነባበብ መንገዶች አሉ፤ ቂርኣት የሚባሉት እነሱ ናቸው። አብዛኛው ሰው የሚያነበው በአንዱ ነው፤ የታተመውም፣ በቴፕ የሚሰማውም እሱ ነው። ሌሎቹ ደግሞ እዚህም እዚያም፣ በአንዳንድ ሽማግሌ አፍ ላይ ቀርተዋል። የአባቷ አነባበብ ከነዚህ አንዱ ነው፤ ያቺ ያልተሳበች ፊደልም በዚያ መንገድ መሳብ የለባትም። ፋርማሲ ትንፋሿ እንኳ ሳይመለስ ሼኹ ጣታቸውን አነሱ።

"ሁሉም ግን አይደለም።"

ወረቀት አስመጡና ከኡስታዛ ምልክቶች ጋር እያስተያዩ አንድ በአንድ ለዩት። ምልክት የተደረገባቸው ቦታዎች አሥራ ሰባት ነበሩ። አሥራ አንዱ ልክ ናቸው። ስድስቱ በየትኛውም መንገድ የሌሉ፣ ተራ ስህተቶች ናቸው፤ ትርጉም ባያናጉም መታረም አለባቸው። የፈለግሽውን መንገድ ያዢ፣ ሁለቱም ልክ ነው፤ አንዱን ከሌላው ጋር ግን አታደባልቂ ብለው አሰናበቷት።

ውጭ ሲወጡ ኡስታዛ ፋርማሲን ወደ ጎን ሳበቻት። "በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ። በጆሮዬ ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር" አለች። "ይቅርታ፣ አፉ በይኝ።"

ፋርማሲ እንደ ድመት ዘላ መደሰት ነበረባት። ጠበቃማ ችሎቱን የረታች ያህል እጇን እያፋተገች ነው። ፋርማሲ ግን ከበፊቱ ባሰባት። ስህተት ነው ሲባል ቢያንስ አንድ ነገር ነበር። አሁን የቱ የአባቷ፣ የቱ የኡስታዛ፣ የቱ የማንም እንዳልሆነ ምላሷ ላይ ተደበላልቆ፣ አታደባልቂ የተባለችውን እንኳ መለየት አቃታት። በዚያ ላይ ከፊቷ የወላጆች ቀን አለ፤ አባቷ ሊመጣ ነው። አሥራ አንዱን መንገር ቀላል ነው። ስድስቱንስ?

እሁድ አባቷ ራሱ የሰፋውን ኮት ለብሶ መጣ። ከመረብ ኳስ ሜዳው ጎን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የቤቱን ወሬ፣ የእናቷን ጉልበት፣ የታናሽ ወንድሟን ጥጋብ ነግሯት ሲያበቃ፣ እሷ ዓይኗን ሜዳው ላይ ተክላ ሁሉንም አወራችው፤ ቧንቧውን፣ የዋሸችውን፣ የሼኹን ወረቀት። አባቷ አላቋረጣትም። የኮቱን ቁልፍ ይፈታል፣ መልሶ ይቆልፋል።

"አሥራ አንዱ ልክ ነው አሉ?"

"አዎ፣ አባዬ።"

"ያችም የፋቲሓዋ?"

"እሷም።"

ከዚያ፣ እሷ ገና ሳትወለድ የሆነውን ነገራት። የሰፈራቸው ኢማም ታመው ሰው ሲጠፋ፣ አንተ ታውቃለህ ተብሎ እንዲያሰግድ ወደ ፊት ተገፋ። ፋቲሓን ሲያነብ ከኋላው አንድ ጎረምሳ ጮክ ብሎ አረመው። እሱ የሚያውቀውን ደገመ። ጎረምሳው እንደገና አረመው። እንደ ምንም ጨረሰ። ሰላምታ ሲያወርድ ያ ጎረምሳ ተነስቶ ሶላቱ አልሆነም አለ፤ ሰዉም ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ ሌላ ሰው አስቀድሞ እንደ አዲስ ሰገደ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቷ ከመጨረሻው ረድፍ ተነስቶ አያውቅም። ፋርማሲ ትዝ አላት፤ ሰዎች ና እስቲ ወደ ፊት ሲሉት እጁን አወዛውዞ እምቢ ሲል፣ ዓይን አፋር እየመሰላት ታፍርበት ነበር።

"ልክ ነበርኩ ማለት ነው" አለ። "ሰዎቹ ግን ሶላታቸውን ደገሙ።"

ከሐዘኗ ጋር አንድ ንዴት ተደባልቆ መጣባትና ሳታስበው አመለጣት።

"ይሄን እያወቅክ ታዲያ ለምን ያንኑ አስተማርከኝ? እኔንም እንዲያርሙኝ?"

አባቷ አልተቆጣም። "ሌላ አላውቅማ" አለ። "ልክ ነኝ ለማለት ድፍረት የለኝ፣ ተሳስቻለሁ ብዬ እንዳልተወው ደግሞ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ውሸታም ሰው አልነበሩም። ያለኝን ሰጠሁሽ። ትልቅ ቦታ ስትደርሺ አንድ የሚያውቅ ሰው ይነግረናል አልኩ። ይኸው ነገረን።" ከዚያም እንደ ተማሪ ወደ እሷ ዞሮ ተቀመጠ። "በይ ስድስቱን አሳዪኝ።"

ወረቀቱን አወጣች። አባትን ማረም ለካ ይከብዳል። የመጀመሪያው፣ ምላስ በጥርስና በጥርስ መሃል ብቅ ብላ የምትወጣዋን ፊደል "ሰ" ብሎ መጥራት ነው። አባቷ ሰምቷት ሲያበቃ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እሱ በትክክል ነው የሚጠራት። ሲያስቀራት ግን ከንፈሮቹ መሃል ሁልጊዜ ስፒል ይይዝ ስለነበር ምላሱን ማውጣት አይችልም። ልጅ ደግሞ የሰማችውን ነው የምትይዘው። "ይሄ የስፒሉ ነው፤ በእኔ እንዳትጽፉት" አለ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ምንም ሳይል ተቀበለ፤ እያንዳንዱንም አራት አምስት ጊዜ አስደገማት። ሰዎች እያለፉ ያዩዋቸዋል፤ ሽበታሙ ሰውዬ ከሴት ልጁ አፍ ሥር ተደፍቶ ቁርኣን ይቀራል።

አራተኛው ላይ ግን ራሱን ነቀነቀ። ሼኹ ላልቶ ይነበብ ያሉትን አንድ ቃል እሱ ያጠብቀዋል። "ይሄ ስህተት አይደለም" አለ። እሱ ይህችን ቃል ሲያላላት አስቀሪው ሽማግሌ አገጩን ይዘው እስኪያጠብቃት አልለቀቁትም ነበር፤ ዕለቱን ሁሉ ያስታውሰዋል። ፋርማሲ፣ ሼኹ እኮ ናቸው ያሉት ብትለው፣ ሼኹን አከብራለሁ፣ ጠይቂልኝ አለ እንጂ ንቅንቅ አላለም። አምስተኛውንና ስድስተኛውን ተቀበለ። ሲሄድ እስከ በሩ ሸኘችው። ቆሞ ኮቷን፣ የእጅጌዋን ጫፍ አየና፣ ክሩ ተተርትሯል፣ ስትመጪ እሰፋዋለሁ አላት።

ሐሙስ ሼኹን ጠየቀቻቸው። ጥያቄው ያናድዳቸዋል ብላ ፈርታ ነበር። እሳቸው ግን ቃሉን ራሳቸው አጥብቀው ሞከሩት፣ አላልተው ሞከሩት፣ እንደገና አጠበቁት። አገጭ መያዙን ሲሰሙ ፈገግ አሉ።

"አላውቅም" አሉ። "እኔ ካነበብኩባቸው ሰዎች አልሰማሁትም። ግን አገጩ ተይዞ የተማረ ሰው ከሆዱ አልፈጠረውም። ከእኔ የሚያውቅ ሰው አለ፤ እጽፍለታለሁ።"

ፋርማሲ የቀሩትን ሁለት ሳምንታት ወደ ሦስተኛው ደረጃ ተዛውራ ጨረሰች። የመጨረሻው ፈተና ላይ በየትኛው መንገድ ታነብቢያለሽ ስትባል ሳትመርጥ ማንበብ ጀመረች። አሥር ቀን ሙሉ የኡስታዛን ተለማምዳ ነበር፤ አፏን ስትከፍት የወጣው ግን የአባቷ ነው። ግማሽ ላይ ሳታውቀው ወደ ኡስታዛ መንገድ ገባች፤ ደግሞም ተመለሰች። ኡስታዛ ማርኳን ስትሰጣት፣ ድምፅ ሙሉ፣ ሥርዓት ግማሽ ብላ ጻፈችበት። ጠበቃ ይግባኝ እንድትጠይቅ ብትገፋፋትም ፋርማሲ አልፈለገችም፤ ማርኩ እንዲያውም ቢበዛላት እንጂ አላነሳትም።

ቤት ከገባች ከአንድ ወር በኋላ ኡስታዛ ደወለች። መልሱ መጥቷል። ሼኹ የጻፉላቸው ሰው እንዳሉት፣ ያንን ቃል አጥብቀው ያነበቡ ሰዎች እንደነበሩ በቆዩ መጻሕፍት ተወርቷል፤ ሰውየው ግን ራሳቸው ከመምህር አፍ ሰምተውት አያውቁም። ስለዚህ በሶላት ላይ አላልቶ ማንበቡ ይሻላል፤ ያጠበቀውንም ሰው ግን ተሳሳትክ የሚለው የለም።

አባቷ ሱሪ እያሳጠረ ነበር። ነገረችው። መኪናውን አቆመ።

"ስህተት ነው አላሉም?"

"አላሉም።"

"ልክ ነውም አላሉም?"

"አላሉም።"

በይ እንግዲህ እንሞክረው ብሎ አላልቶ አነበበው። ምላሱ እምቢ አለና ጠበቀ። እንደገና ሞከረ፤ አሁን ላላ፣ ግን የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። ሦስተኛውም እንደዚያው። ፋርማሲ አጠገቡ ቆማ ትሰማዋለች። ደስ ሊላት ይገባል ብላ አሰበች፤ አባቷ ለመታረም እሺ ብሏል። ማዘን እንዳለባትም ተሰማት፤ አገጩን ይዘው ያስተማሩት ሽማግሌ ዛሬ ከአፉ ሊወጡ ነው። ሁለቱ ስሜቶች ልቧ ውስጥ እየተጋፉ ሳለ፣ አባቷ አንገቱን ቀና አድርጎ "ሆነ?" አላት።

"አላውቅም፣ አባዬ" አለችው። እውነቷን ነበር።